ያሰርኩት አገጭ

ባለፈው ጥቅምት የልጄ ልጅ ልጅ ቤዛዊት ከባሕር ዳር መጣች። ባጃጁ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ በራፍ ላይ አወረዳት፤ እየሮጠች መጥታ ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ሳቀችልኝ፤ አፏ ውስጥ ሽቦ አየሁ። በእያንዳንዱ ጥርሷ ላይ እንደ ትንሽ ቁልፍ ያለ ነገር ተለጥፏል፤ በመካከሉ ቀጭን ሽቦ ተወጥሮ ያልፋል። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

ማን አሰረሽ አልኳት። ሐኪሙ ነው አለችኝ፤ ጥርሷ ተደራርቦ ስለበቀለ በሽቦ እየተሳበ ቦታው ይገባል። አባቷ ሻንጣ እያወረደ ከኋላ ጨመረበት። ሐኪሙ ሽቦውን ከማስገባቱ በፊት አፍንጫዋን አስከፍቱ ብሏቸው ኖሯል። የአፍንጫዋ አንዱ ወገን ከልደቷ ጀምሮ ዝግ ነበር፤ እሱ ሳይከፈት ጥርሱን ባቃናው ተመልሶ ይጣመማል ብሎ አስጠነቀቃቸው። ቤት ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተደነቁ። አፍንጫን ከጥርስ ምን አገናኘው አሉ።

እኔ አልተደነቅሁም። ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ጌሾው አጠገብ ስደርስ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አፍንጫ ከጥርስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያወቅሁት እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ሳይወለዱ ነው። የነገረኝ ጣሊያን ነው፤ ቡሬ ላይ። ከነገረኝ በፊት ግን የማደርገውን አድርጌ ጨርሻለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት አልፎኝ፣ መሠረተ ትምህርት በግድ ግቡ ሲባል ነው። ስለዚህ አሳምሬ አልጽፍም። ይህን ነገር የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ አልቀዋል፤ ዛሬ ብናገረው የሚያፍርብኝ የለም፣ ከራሴ በቀር።

እህቴ ውዴ ትባል ነበር። ሰባት ዓመት እበልጣታለሁ። ስትወለድ ያየሁትን አልረሳም። ጡት ትይዛለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ትስባለች፤ ከዚያ ፊቷ ይጠቁርና ለቃ ትጮኻለች። ስትጮኽ መልኳ ይመለሳል። እንደገና ትይዛለች፣ እንደገና ትጠቁራለች። እናቴ መጨረሻ ላይ ወተት በጥጥ እየነከረች አፏ ውስጥ ታንጠባጥብላት ጀመር። ጎረቤት ተሰብስቦ እንጥሏ ወርዶባት ነው ብሎ ፈረደ፤ በእኛ ሀገር የሕፃን በሽታ ሁሉ ከእንጥል ነውና። እንጥል ቆራጩ መጣ፣ ቆረጠ። አልተሻላትም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ግግ ነው፣ ድዷ ውስጥ ትል አለ ተባለ። ያው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ድዷን በወስፌ ፈለቀቀና ነጭ፣ ለስላሳ ነገር አወጣ። በመዳፉ ይዞ እየዞረ አሳየን። ትሉ ይኸውላችሁ አለ። እኔም አየሁት፤ ትል ይመስላል። ለሰውዬው ጠላ ቀረበለት፤ መርቆን ሄደ።

ከውጭ ሲያዩት አፍንጫዋ አፍንጫ ነው፤ ትንሽ ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ግራ ያጋደለ። ማንም ጉዳዬ አላለውም። ሰው የሚያየው አፏን ነበር፤ ቀን ከሌት ክፍት ነው። እያደገች ስትሄድ ፊቷ ወደ ታች ረዘመ፤ ከዓይኗ ስር ጠቆረ፤ የላይ ከንፈሯ አጥሮ ጥርሷን መሸፈን አቃተው። ላንቃዋ እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ላይ ሾለ። የላይ ጥርሶቿ በጠባብ በር እንደሚጋፉ በጎች ተደራርበው ወደ ፊት ወጡ፤ ክራንቻ የሚበቅልበት ቦታ ግን ባዶ ቀረ። ስትበላ አንድ ጉርሻ ታኝካለች፣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፤ ሁሉም በልቶ እጁን ሲታጠብ እሷ የዳጉሳ እንጀራዋ ግማሽ ላይ ናት። ስትናገርም ድምጿ የተደፈነ ነው። ወንድሜ ማለት አይሆንላትም፤ ወንድቤ ትለኝ ነበር።

የመንደሩ ልጆች አፍሽን ግጠሚው ውዴ፣ ዝንቡም እንግድነቱ ሰለቸው ይሏታል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። እኔ ግን አልስቅም። በመዳፌ ከአገጯ ስር መትቼ ዝጊ እላታለሁ። ትዘጋለች። ፊቴን ሳዞር ትከፍታለች። እልኸኛ መሰለችኝ።

ጣሊያን ሲገባ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ታላቅ ወንድማችን ዳምጤ በርስት ድንበር ጠብ ሰው ገደለ። ሟቹ አድማሱ የሚባል ከቡሬ ወዲህ ያለ ሀገር ሰው ነው፤ የእናቱን ወገን መሬት ሊያርስ እኛ ቀበሌ የመጣ። ዳምጤ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ተቀላቀለ፤ ብዙ ሳይቆይ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ደም ግን ገዳዩ ስለሞተ አይደርቅም። ወደ ወንድም ይዞራል። ወንድሙ እኔ ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እናቴ፣ ውዴና እኔ ብቻ ነን።

ደመኛ ያለበት ሰው እንዴት እንደሚኖር የዛሬ ልጅ አያውቅም። ገበያ አልሄድም። ቤተ ክርስቲያን አልስምም። እርሻ ስውል በየትልሙ ጫፍ ጀርባዬን ለዛፍ ሰጥቼ አካባቢዬን ቃኝቼ ነው የምመለሰው። ክስ የሚሰማ ዳኛ የለም። ዳኛው ጣሊያን ነው፤ ጣሊያን ጋ የሄደ ባንዳ ይባላል፣ ያልሄደ ሽፍታ ይባላል። ያለን ሽማግሌ ብቻ ነበር። የነፍስ አባታችን ቄስ ውበቱ ሲመላለሱ ከርመው ኅዳር መግቢያ ላይ ነገሩን ቋጩት። ደሙ በጋብቻ ይድረቅ፤ ውዴ ለሟቹ ታናሽ ወንድም ትሰጥ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። የአሥር ዓመት ልጅ መዳር ያኔ ነውር አልነበረም፤ ነውር የሆነው በኋላ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። የሟቹ እናት እመት የኔነሽ ልጅቷን በዓይኔ ሳላይ አልቀበልም አሉ። ወሬ ደርሷቸዋል፤ አፏ የማይገጠም፣ ዛር የያዛት ልጅ ሊሰጧችሁ ነው ተብለዋል። የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት መጥተው ሊያዩ ቀን ተቆረጠ። ቄስ ውበቱ እኔን ለብቻዬ ጠርተው እንዲህ አሉኝ።

«ልጅቷ አፏን ገጥማ፣ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ። እጮኛ አይናገር። የቀረውን እኛ እንናገራለን።»

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሞፈር በማቃናት ስሜ የተጠራ ነበርኩ። የጎበጠ እንጨት እርጥቡን በእሳት ታሞቀዋለህ፤ ከቀጥ ያለ ግንድ ጋር በጠፍር ታስረዋለህ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅህ ታቆየዋለህ። ይቃናል። አባቴ ነው ያስተማረኝ። ጥርስም አገጭም እንደዚያው መሰለኝ። ሰላሳ አምስት ቀን ያህል ነበረኝ፤ ለአንድ ሞፈር ከሚበቃ በላይ ነው። እንጨት እንደማይተነፍስ አላሰብኩም።

ከጥጃ ቆዳ ጠፍር ቆረጥኩ፤ እንዳይፍቃት በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ከአገጯ ስር አሳልፌ አናቷ ላይ ቋጠርኩት። እናቴ ጥጥ ስትባዝት ነበር። ባዘቶውን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ አገጭ የሚታሰረው ሬሳ ሲገነዝ ነው» አለችኝ።

«እሷ አፏን ካልገጠመች የምትገንዢው እኔን ነው» አልኳት።

ባዘቶዋን አነሳች።

ውዴ እንዝርት ይዛ በራፍ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ አስራታለሁ። ለምን እንደማስራት አልነገርኳትም፤ ጥርስሽ እንዲገባ ነው አልኳት፤ ስለ ደሙ ለልጅ አይነገርም። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ፈትላ መቋቋም አቃታት፤ ፈታሁላት። በሳምንቱ አንድ ልቃቂት እስክትጨርስ ቆየች። ጥርሶቿ ወደ ፊት ስለወጡ ከንፈሯ ከነማሰሪያው አይገጥምም ነበር፤ በአፏ ጥግ ቀዳዳ ትታ በዚያ ትተነፍሳለች፤ ሲስስ ሲል ይሰማኛል። እኔ ያንን እንደ ማጭበርበር ቆጠርኩት። ሌላ ጨርቅ አምጥቼ ከንፈሯን ሸፈንኩ። ዓይኗን ትልቅ አድርጋ አየችኝ፤ መፍተሏን ግን አላቆመችም። ታኅሣሥ ሲጋመስ ከንፈሯ ተሸፍኖ እናቴ አንድ ምጣድ ሽምብራ ቆልታ እስክታወጣ ድረስ ቆየች። እኔ ጎበዝ አልኳት። እውነቴን ነው፤ ተደስቼ ነበር። ከአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው ብዬ ነው፤ ለካስ ትንፋሽ መቆጠብ እየተማረች ኖሯል።

ቀኑ ደረሰ። የገና ጾም ነው። እናቴ ሽሮና የተልባ ፍትፍት አዘጋጅታለች፤ ጠላው ከርሟል። ውጭ ጤፉ ተከምሮ አውድማው ተለቅልቋል፤ የገለባው ሽታ እቤት ድረስ ይገባ ነበር። እመት የኔነሽ በበቅሎ መጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ረዥም፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ለልጃቸው ሐዘን ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ጥቁር ለብሰዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ውዴን መደቡ ላይ አስቀምጫታለሁ። ማሰሪያው አገጯ ላይ፣ ጨርቁ ከንፈሯ ላይ፣ ነጠላው በላዩ ላይ እስከ ዓይኗ። እጆቿ ከነጠላው ስር ናቸው። ዓይነ አፋር እጮኛ መሰለች። እንግዶቹ እስኪቀመጡ፣ ትንሽ እስኪቀምሱ፣ አይተው እስኪነሱ ድረስ እንደምትችል ለክቼዋለሁ። ያልለካሁት ቄሱን ነው። ቄስ ውበቱ ማዕዱን ሲባርኩ ረዘሙ፤ ከዚያ ስለ ዕርቅ ተናገሩ፤ ከዚያ ስለ ኖኅ።

እመት የኔነሽ ዓይናቸውን ከውዴ ሳይነቅሉ ልጅቷ ምላስ የላትም እንዴ ብለው ጠየቁ።

«ምላሰኛ ምራት ከሚገጥምዎ ይህችን ይውሰዱ፣ እመት» አሉ ቄሱ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እየሳቅን ሳለ የውዴ ራስ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ እንደ ተንሸራተተ ጆንያ ወደ ጎን ወደቀች። ድምፅ የለም። መቼስ እውነት ልናገር ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አበላሸችው የሚል ነበር።

ቀድመው የተነሱት እመት የኔነሽ ናቸው። ነጠላውን ገፈፉ። ፊቷ ጉበት መስሏል። ጨርቁን ነቀሉ፤ ማሰሪያውን ለመፍታት ሞከሩ፤ የሞፈር ቋጠሮ ነው፣ ሲስቡት ይጠብቃል። እኔ እንድፈታው ዞረው አዩኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። እሳቸው ግድግዳው ላይ የተሰካውን ማጭድ መዘዙ። ወንድሜ የገደለው ሰው እናት ማጭድ ይዘው እህቴ አንገት ላይ ጎንበስ ሲሉ አየሁ፤ ከሰው ሁሉ የተንቀሳቀሰ የለም። ጠፍሩን በጠሱት። ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተው ከፈቱት። ውዴ ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው አየር ሳበች።

መልኳ እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያ አፏን በቀስታ ገጥመው የእጃቸውን ጀርባ ከአፍንጫዋ ስር አደረጉ። ቆዩ። እጃቸውን አነሱ፣ አፏን ለቀቁት፣ እንደገና ገጠሙት።

«ይህች ልጅ አፍንጫዋ ዝግ ነው» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት፣ ቤት ሙሉ ሰው፣ እጁን የዘረጋ አንድ ጠፋ?»

ምን ይባላል? እንጥል ቆርጠናል፣ ድድ ፈልቅቀናል፣ ጠበል ነክረናል፣ ክታብ አስረናል። ከአፍንጫዋ ስር እጃችንን አልዘረጋንም።

ቀጥለው ወደ ጭኗ ተመለከቱ። «እጇንስ ማን ያዘው?» አሉ።

ማንም አልያዘውም። እጇን አላሰርኩም ነበር። ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ቀኝዋ የግራዋን አንጓ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ ወድቃ እንኳ አልለቀቀችውም። ጥፍሯ የገባበት ቦታ ደም ነበረው።

እመት የኔነሽ ከዚያ በኋላ ምግብ አልነኩም። «የወንድሜ ልጅ ቡሬ ከጣሊያኑ ሐኪም ጋር በአስተርጓሚነት ይሠራል፤ ሰው ባንዳ ይለዋል፣ እኔም እለዋለሁ፤ ነገ ልጅቷ ትሄዳለች» አሉ። ቄስ ውበቱ ጠላት ደጅ መሄድ እንዴት ይሆናል ብለው ጀመሩ።

«ልጄን የገደለው ጣሊያን ነው?» አሏቸው። ወደ እኔ ዞሩና፣ አንተም ትመጣለህ፣ ከእኔ በቅሎ ጋር እስከሄድክ የሚነካህ የለም አሉኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ውዴ በቅሎው ላይ፣ እኛ በእግር። ብርዱ ይቆነጥጥ ነበር፤ ማሳው ታጭዶ ቃርሚያው ውርጭ ለብሷል፤ በየአውድማው በሬዎች ክምሩን እየዞሩ ያሄዳሉ። እናቴ የቋጠረችውን የዳጉሳ ቂጣ ለውዴ ሰጠኋት፤ እየቆረሰች ለበቅሎው አበላችው። ጣሊያን የጠረገው አዲስ መንገድ ላይ ስንወጣ ድንጋዩ እግራችንን በላን። ከባድ መኪና አልፎ አቧራ አለበሰን፤ ውዴ በእጇ አፏን ሸፈነች፤ ያኔ እኔ በአፍንጫዬ አቧራውን እያሸተትኩ እሷ አንድም ቀን ምንም ሽታ አሽትታ እንደማታውቅ ገባኝ። አበባ፣ ዝናብ፣ ትኩስ ዳቦ። ምንም።

ቡሬ ከጣሊያን ምሽግ አጠገብ ቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ሐኪሙ እዚያ ነው። ቀጭን፣ ጎልማሳ፣ ዓይኑ የደከመ። በዚያ ዓመት አውሮፕላናቸው ከእኛ ማዶ ያለውን መንደር አቃጥሏል፤ ያንን እያሰብኩ ነው እጁን የማየው። እጁ ንጹሕ ነበር። የሚያበራ ቀጭን ብረት አምጥቶ ከውዴ አፍንጫ ስር ያዘ፤ አፍሽን ግጠሚ አላት በአስተርጓሚው። በቀኝ በኩል ብረቱ ምንም አልሆነም። በግራ በኩል የምስር ክክ የምታክል ጉም ያዘበትና ወዲያው ጠፋ። ለእኔም አሳየኝ። ከዚያ ቀጭን ዘንግ በቀኙ ቀዳዳ አስገባ፤ ትንሽ ሄዶ ቆመ። አጥንት ነው አለ። ከእናቷ ሆድ ጀምሮ ያልተከፈተ።

አፏን ከፍቶ ላንቃዋን በጣቱ ለካ። ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው የእኛው ሀገር ልጅ ነውና እንዲህ አድርጎ አመጣው።

«ላንቃ ጎጆ ነው፣ ምላስ ምሰሶው ነው ይላል። አፍንጫው የተዘጋ ልጅ አፉን ከፍቶ ይኖራል። አፍ ሲከፈት ምላስ ይወርዳል። ምሰሶ የሌለው ጎጆ ከግራ ከቀኝ ይጠባል፣ ጣሪያው ይሾላል፤ ጥርስ መቆሚያ ያጣል፤ ፊት ወደ ታች ይረዝማል። ጥርሷ አይደለም አፏን ያስከፈታት። አፏ መከፈቱ ነው ጥርሷን ያጣመመው።»

ጎጆውን ጣሊያኑ ይበለው፣ አስተርጓሚው ይጨምረው አላውቅም። ግን ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ተገለበጠብኝ። ዓመታት ሙሉ ዝጊ ያልኩት የምትኖርበትን በር ነው።

ሐኪሙ ክራንቻዎቿ የት ሄዱ ብሎ ጠየቀ። ትል ነበረባት፣ አስወጣንላት አልኩ። አስተርጓሚው ሲነግረው እንደገና ጠየቀ፤ አልገባውም። ሲገባው ብረቱን አስቀመጠ።

«ትል አይደለም፣ ጥርስ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ገና ያልወጣ ጥርስ።»

በመጨረሻ ከአገጯ ስር ያለውን ሰንበር በጣቱ ነካ። ማን ነው ያሰራት ብሎ ጠየቀ። እመት የኔነሽ ወደ መሬት አዩ።

«እኔ ራሴ ነኝ» አለች ውዴ በተደፈነ ድምጿ። «ጥርሴ እንዲገባ።»

አስተርጓሚው ያለችውን ተረጎመ። ሐኪሙ ግን እሷን አልነበረም የሚያየው፤ የእኔን እጅ ነበር።

በትልቅ ሐኪም ቤት አጥንቱ ይበሳል፤ አዲስ አበባ ይውሰዷት አለ። ገና ልጅ ስለሆነች አፍንጫው ቢከፈት ፊቷም በከፊል ይመለሳል። ወረቀት ጽፎ ማኅተም መቶ ሰጠኝ። እኔም ምሽጉን አልፈን ወንዝ ስንሻገር ወረቀቱን ውኃ ውስጥ ጣልኩት። ጫካ ያሉት የጣሊያን ማኅተም ኪሴ ውስጥ ቢያገኙ እንደ ባንዳ ይጨርሱኛል ብዬ ነው። እሷን ሁለተኛ ጊዜ የሸጥኳት ያኔ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ምክንያቱ ያው ነፍሴ ናት። ጣሊያን ሲወጣ ሐኪሙም ሄደ። እኔ አዲስ አበባን ያየሁት በስልሳ ዓመቴ ነው።

ያን ዕለት ማታ እመት የኔነሽ ቤታቸው አሳደሩንና ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሽማግሌዎቻቸውን ጠሩ። ልጅቷን ለልጄ ሚስት አላደርጋትም አሉ፤ በዚህ ትንፋሽ ማማጥ አትችልም፣ በሷ ሞት ሌላ ደም አልገዛም። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ማር አስመጡ።

በእኛ ሀገር ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ ሲያደርግ፣ በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባዋል፤ ልጁ የጡት ልጅ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ከተወለደ አይለይም። የልጅ ወንድም ደግሞ አይገደልም። እመት የኔነሽ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና ወደ ውዴ አፍ አቀረቡ። ያዘች። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበች። ፊቷ መጥቆር ጀመረ። ልክ እንደተወለደች ሰሞን። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ሳይፈጸም ከለቀቀች አይጸናም የሚል ነገር አጉረመረሙ። እመት የኔነሽ ጣታቸውን ራሳቸው አወጡት።

«ተንፍሺ፣ ልጄ» አሏት። «ማሩ የትም አይሄድ።»

ተነፈሰች። እንደገና ያዘች። አወጡላት። ተነፈሰች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፣ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ። ሕፃን ሳለች እንደዚያ አውጥቶ የጠበቃት አልነበረም። ደሙ በዚያ ደረቀ። እኔ ነጻ ሰው ሆኜ፣ ጀርባዬን ለዛፍ ሳልሰጥ ብቻዬን ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ እሷ እዚያው ቀረች።

ከመሄዴ በፊት በቅሎው ማሰሪያ አጠገብ ጠየቅኋት። እጅሽ ነጻ ነበር፤ ለምን አልፈታሽውም አልኳት። የሚጠየቅ ነገር መሆኑ ገርሟት አየችኝ።

«ሊገድሉህ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ወንድቤ።»

ውዴ አላገባችም። እመት የኔነሽን ጦረች፤ ፈትሏ ቡሬ ገበያ የታወቀ ሆነ። እኔ በየዓመቱ ለጥምቀት እሄድ ነበር፤ ትስቅልኛለች፣ ጥርሷን ሳይ ዓይኔን እመልሳለሁ። ያረፈችው እኔ ፊደል በቆጠርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሳንባዋ ነው አሉ። ስደርስ ገናዦቹ ሥራ ጀምረዋል። አንዷ ነጭ ጨርቅ ቀድዳ አገጯን ልታስር ጎንበስ አለች።

አትሰሪያት አልኩ። ሥርዓት ነው አሉኝ። የአጥቢያው ቄስ ተቆጡ፤ ሬሳ አፉን ከፍቶ ይቀበራል ወይ አሉ። ይቀበራል አልኩ። ከገናዥዋ እጅ ጨርቁን ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት። ሽማግሌው አበደ ተብሎ ተወራ። አፏን እንደከፈተች ቀበርናት።

ከዚያ ወዲያ፣ ከቤቴ ልጅ በተወለደ ቁጥር የእጄን ጀርባ ከአፍንጫው ስር አደርጋለሁ። ሰው የድብቅ ጸሎት ይመስለዋል። ቤዛዊትንም በክርስትናዋ ዕለት ይዤ አይቻታለሁ፤ በቀኝ በኩል ምንም አልነበረም። ለአባቷ ነገርኩት። ሳቀ። አባባ እርጅና መጣ አለ ለሚስቱ፤ የሰማሁ አልመሰለውም። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶ የጥርስ ሐኪም ነገረው፤ ያኔ አመነ፤ አስከፈተላት። ፊደል የቆጠረ ሁሉ እኔን መስማት ይከብደዋል።

ከጓሮ ስመለስ ቤዛዊት ቆሎ እየቆረጠመች ነበር፤ ሽቦው እንዳይሰበር በአንድ ወገን። ነይ አልኳት። መጣች። የእጄን ጀርባ ከአፍንጫዋ ስር አደረግሁ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ አባባ?» አለችኝ።

አፍሽን ግጠሚ አልኳት። ይህን ቃል ለልጅ ከተናገርኩ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ገጠመች። ከንፈሯ ሽቦውን ሸፈነው። በቀኙም በግራውም በኩል ሞቅ ያለ ትንፋሽ እጄን ነካኝ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ነካኝ። ልጅቷ ሰልችቷት ዓይኗን ወደ ቆሎው ላከች። እኔ ግን እጄን ቶሎ አላነሳሁም።